የትብለጥ ጭቃ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው ዛሬ በመኪና የምትወጡት ዳገት የዝንጀሮ መንገድ በነበረበት፣ ወንዛችንም ድልድይን በሕልሙ እንኳ ባላየበት ዘመን ነው። ዓመቱን የቆጠረ የለም። አያቶቻችን ከአያቶቻቸው ሰሙ፤ እነሱም ከአያቶቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው። የጨመርንበት ነገር ቢኖር ጨው ነው እንጂ ውኃ አይደለም።

እንኮይ አፋፍ በምትባል መንደር ትብለጥ የምትባል ሴት ነበረች። ስሟ ትብለጥ ይሁን እንጂ በመንደሩ ከሁሉም የምታንሰው እሷ ነበረች። ሸክላ ሠሪ ናት። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ማለት ምን ማለት እንደነበረ ታውቃላችሁ። በእንስራዋ ውኃ ይቀዳሉ፣ በድስቷ ወጥ ይሠራሉ፤ እሷ ስታልፍ ግን ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ዐይኗ ይበላል ይላሉ። ቡዳ ናት ይላሉ። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ያላት ሁለት እጅና ሁለት እግር ነው። እግሯ ግን እንዲያው እግር ብቻ አልነበረም። ጭቃ ስትረግጥ ውስጡ ያለችውን ጠጠር፣ ያልራሰውን ጓል በተረከዟ ታውቃለች። እንስራ በጣቷ አንኳኩታ የትኛው ደህና እንደሆነ፣ የትኛው ሆዱ ተሰንጥቆ እንደነቃ ትናገራለች።

ደግሞ ፈሪ ነበረች። ሸክላ ሠሪ ፈሪ ቢሆን አይፈረድበትም፤ ወር የለፋበት ዕቃ እሳት ውስጥ አንዴ ጧ ብሎ ሊቀር ይችላል። ለትብለጥ ግን ነገር ሁሉ ሳይሰነጠቅ በፊት በሆዷ ውስጥ ይሰነጠቅባታል።

በዚያ ዘመን የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን መብረቅ መታው። የሣር ክዳን ነበር፤ ነደደ፤ አለቀ። ካህናቱ የቅዱስ ሩፋኤልን ታቦት ከእሳት አትርፈው በድንኳን አስቀመጡት። የአገሩ ሹም ይህን አይቶ ማለ። "እሳት የማይበላው የድንጋይ ቤት ሳልሠራ ብሞት አጥንቴ ካባቶቼ አጥንት አይደመር!" አለ። ከሩቅ አገርም በኪሞስ የሚባል የግንብ ጠቢብ አስመጣ።

በኪሞስ እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል። የሚሠራውን ቤት መሬት ላይ በዱላው ሥሎ ለመንደሩ አሳየ። ግድግዳው ሦስት ክንድ ይወፍራል። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ብርሃን እንደ ክር ቀጥኖ ይገባል። በቅኔ ማኅሌቱና በመቅደሱ መካከል እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ የድንጋይ ቅስት ይቆማል። ጣሪያውም ድንጋይ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ በቅስቱ ላይ ያርፋል። ቅስቱ ደግሞ በሁለት ትከሻ ይደገፋል፤ አንዱ በሰሜን ግድግዳ፣ አንዱ በደቡብ ግድግዳ። ከሥሩ ምንም የለም፤ ባዶ ነው።

"ድንጋይ ባየር ላይ እንዴት ይቆማል?" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"እያንዳንዱ ድንጋይ መውደቅ ይፈልጋል" አለ በኪሞስ። "ጎረቤቱ ግን አያሳልፈውም። እንደናንተው ነው፤ ተናንቆ መኖር ነው!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ትብለጥ ግን ከሩቅ ቆማ አልሳቀችም። መውደቅ የሚፈልግ ድንጋይ የሚለው ነገር ሆዷ ገባ፤ ገብቶም አልወጣ አለ።

ጭቃ የሚያቦካ ሰው ተፈለገ። በመንደሩ ከእሷ የሚሻል አልነበረም። "ጭቃ ትርገጥ፤ ወደ ውስጥ ግን ድርሽ አትበል" ተባለ። እሺ አለች። ምን ትበል?

መጀመሪያ መሠረቱ መጣ። ወሩ ጥር ነው። በኪሞስ ሜዳውን መረጠ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ በበጋ ቢመቱት እንደ ብረት ይጮኻል። ትብለጥ ግን ሜዳውን ታውቀዋለች። ዋልካ ነው። ሲደርቅ የጥጃ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲመጣ ጠጥቶ ያብጣል። ከዚያ አፈር የሠራችው ገንቦ አንድም ቀን ቆሞላት አያውቅም።

ትብለጥ ፈራች። ፈርታም ተናገረች።

"ጌታው፣ ይሄ መሬት ይተነፍሳል። ቤት አይሸከምም።"

"መሬት ሲተነፍስ የሰማውን ጆሮ እስቲ አሳዩኝ!" አለ በኪሞስ። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ትብለጥ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

ግንቡ እስከ ወገብ ወጣ። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ጣለ። ሦስት ቀን ዘነበ። በአራተኛው ቀን ግንቡ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተተረተረ። ሰው ተሰብስቦ አየ። ያን ጊዜ ድንቄ ተናገረች። ድንቄ የትብለጥ ጎረቤት ናት፤ ምላሷ ከመጥረቢያ የሰላ።

"እንዴ! አይቆምም ያለችው ትብለጥ አይደለችም? ገና ሳይሠራ በየትኛው ዐይኗ አየችው?"

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ትብለጥን አየ። "እውነት ብላን ነበር" ያለ አንድ ሰው አልነበረም። "በዐይኗ ሰነጠቀችው" አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ዓለቱ ተዛወረ። ለዚህ የተመሰገነው በኪሞስ ነው። ለፈረሰው የተረገመችው ትብለጥ ናት። ድንቄም በበሯ ባለፈች ቁጥር "አንቺ ትብለጥ፣ እባክሽ ጎመኔን እንዳታዪብኝ፤ ገና አልበሰለም!" ትላት ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው መጣ። ጭቃ ጊዜ ይፈልጋል። ይርሳል፣ ይረገጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይረገጣል። ግንቡም ክንድ ክንድ ከወጣ በኋላ ጭድ ለብሶ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሹሙ ግን ቸኮለ። ታቦቱ ሌላ ክረምት በድንኳን አያድርም ብሎ ማለ። ሹም ሲምል የሚደክመው ሌላው ነው። ያላረፈ ጭቃ ከእግሯ ሥር እየነጠቁ ወሰዱ። አንድ ቀን ውኃ ተሸክማ በምሥራቁ ግድግዳ አጠገብ ስታልፍ በጣቷ አንኳኳችው። ደህና ግንብ አይመስልም፤ ድምፁ ታፍኗል፤ ልክ ሆዱ እንደነቃ እንስራ።

ትብለጥ ፈራች። ፈርታም ተናገረች።

"ወንድሞቼ፣ ላዩ ደርቋል እንጂ ሆዱ እርጥብ ነው። የመወጣጫውን ግንድ አትጫኑበት። አሥር ቀን ብቻ ታገሡት።"

"ዛሬ ደግሞ ግድግዳ ታሟርቺያለሽ?" አለ አንዱ ጠራቢ። ግንዱን ጫኑ። ግድግዳው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፋ፤ ተነፋና ተናደ። የዚያው ጠራቢ እግር ተሰበረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መናገርም ያሳፍራል። ሴቶቹ፣ ድንቄም ጭምር፣ ከምንጩ ዳር ያስቀመጠቻቸውን እንስራዎች አንድ በአንድ ሰበሩባት። ሕፃን ቢያስነጥሰው ትብለጥ ናት፤ ላም ብትጨነግፍ ትብለጥ ናት። ሹሙ በሕዝብ ፊት ተናገረ። "ይቺ ሴት ሦስተኛ ጊዜ አፏን ከከፈተች ጎጆዋን አቃጥሉ፤ እሷን ወንዝ አሻግራችሁ ጣሉ!"

ያኔውኑ ያላባረሯት ጭቃዋን የሚተካ ስላጡ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቄሰ ገበዝ አባ ዘወንጌል መላ ዘየዱ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን እሳቸውም ይፈሯታል። "ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትርገጥ። ዐይኗ ካላየ አይጎዳም" አሉ።

እንደዚያ ሆነ። ትብለጥ ፊቷን ሸፍና፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጭቃ ረገጠች። አንድ ዓመት ሙሉ ረገጠች። የሚገርመው፣ ያን ዓመት ጭቃውን አሳረፉት፤ ግንቡንም ጭድ አልብሰው በቀስታ አደረቁት። ያለችውን ሁሉ አደረጉ፤ እሷ ብላ ነበር ያለ ግን የለም።

በሦስተኛው ዓመት ቅስቱ መጣ። በኪሞስ ከሥሩ የእንጨት ባላ ደግፎ ድንጋዩን ደረደረ፤ በአናቱም የመጨረሻዋን ድንጋይ መታ። ጣሪያው ተከደነ። ክረምት ገባ። ባላው ተነሥቶ ታቦቱ የሚገባው በሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜን ሦስት ነው ተባለ።

ትብለጥ በነሐሴ መጨረሻ የሰሜኑን ግድግዳ ከውጭ እንድትለስን ታዘዘች፤ ያው ዐይኗን ሸፍና፣ በእጇ እየዳሰሰች። ስትዳብስ ስትዳብስ የቅስቱ ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ክር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ከፀጉር የቀጠነ ክር። እግሯን ወደ መሬቱ ሰደደች። ከግድግዳው ሥር ዓለቱ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የተሞላ አፈር ነው፤ ከሜዳው የመጣ ዋልካ፤ ሊያብጥ ጀምሯል።

ትብለጥ ፈራች። ፈርታም ዝም አለች።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። ገል ፈጭታ፣ ከጥሩ አፈሯ ጋር ለውሳ፣ ሲደርቅ የማይሰነጠቅ ጭቃ ሠራች። የተጠራጠረችውን እንስራ የምትፈትነው በዚህ ነው፤ ጭቃው ከተከፈለ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ከዚያች ጭቃ የጣት ስፋት ያላትን ቁራጭ በክሩ ላይ ለጠፈች። ሌላዋን ቁራጭ በደቡቡ ትከሻ ለጠፈች። በማግስቱ መጥታ ዳሰሰች። የደቡቧ ደህና ናት። የሰሜኗ ለሁለት ተከፍላለች። እንደገና ለጠፈች። በማግስቱ የደቡቧ ደህና፣ የሰሜኗ ለሁለት። በሦስተኛው ቀንም የደቡቧ ደህና፣ የሰሜኗ ለሁለት።

ድንቄ ለበዓሉ ነጠላዋን ስታጥብ አየች፤ ስድስት ልጆቿን አሰልፋ ራሳቸውን ስትላጭ አየች። ሁሉም እዚያ ቅስት ሥር ይቆማሉ። ብትናገር ያባርሯታል፤ እሱስ ይሁን። ግን ብትናገርም አያምኗትም። "ደግሞ በዐይኗ ሰነጠቀችው" ብለው፣ እሷን አባርረው፣ ቅስቱ ሥር እልል እያሉ ይገባሉ። እውነት ባለች ቁጥር ውሸታም የሆነች ሴት ምን ታድርግ? ጭቃዋ ላይ ቆማ አሰበች። እግሯ ረገጠ፤ ራሷ አሰበ። ድንገት እግሯ ቆመ።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን ወደ አባ ዘወንጌል ሄደች። ከድንኳኑ ራቅ ብላ ተንበረከከች።

"አባቴ፣ እኔ ምንም አልተናገርሁም።"

"ታዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?" አሉ አባ፤ መስቀላቸውን ጠበቅ አድርገው።

በዋንዛ ቅጠል የተጠቀለለ ጭቃ መሬት ላይ አስቀመጠች። "ይህን በጠበል ያርሱት። በገዛ እጅዎ ይለጥፉት። አንዱን በደቡቡ ትከሻ፣ አንዱን በሰሜኑ፣ ክር የመሰለች መስመር ካለችበት ላይ። ጠዋት ይዩት። ማታም ይዩት፤ ይሰበር እንደሆነ።"

"አይተሽ ሰበርሽው ቢሉስ?"

"እኔ አልኖርም። ወንዝ እሻገራለሁ። ማዶ ሆኜ ከተሰበረ የማን ዐይን ሊባል ነው?"

አባ ወደ ወንዙ አዩ። ውኃው ቀይ ሆኗል፤ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። "ልጄ፣ ሞልቷል እኮ። ይወስድሻል።"

"ከወሰደም እኔን ብቻ ነው፣ አባቴ።"

ሄደች። የሸክላ መጥረጊያ ድንጋይዋን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ረጅም ዱላ ይዛ ወንዙ ገባች። ውኃው ጉልበቷን ያዘ፣ ወገቧን ያዘ፣ ደረቷን ያዘ። አንዴ እግሯ ለቀቀ፤ ዱላዋ አላስወሰዳትም። ማዶ ስትደርስ አሸዋው ላይ ወደቀች። ከኋላዋ ዝናቡ መጣ፤ ወንዙም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሰውም ቃልም አይሻገርም።

ከዋሻ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። ጳጉሜን አንድ አለፈ። ጳጉሜን ሁለት አለፈ። አባ ይለጥፉት ይሆን? ወይስ ቅጠሉን ወደ ገደል ወረወሩት? ለጥፈውስ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ? በሰሜን ያልሁትን በምሥራቅ ሰምተው እንደሆነ? አንዱን ፍርሃት ስታስተኛው ሌላው ይነሣል።

ጳጉሜን ሦስት ነጋ። ከማዶ ከበሮ ተሰማ። የወንዙ ጩኸት ቃል አያሳልፍም፤ ከበሮው ግን በመሬት በኩል ወደ እግሯ ይመጣል። ዱም፣ ዱም። ከድንኳኑ ተነሥተዋል። ዱም፣ ዱም። ዳገቱን ይዘዋል። ዱም፣ ዱም። ደጀ ሰላሙ ደርሰዋል። ትብለጥ ቆመች። "ቁሙ" አለች፤ ለራሷ ነው። "በእመቤቴ፣ ቁሙ።"

ከበሮው ቆመ።

ለምን ቆመ? ገብተው ነው ወይስ ሳይገቡ? ብዙ ጊዜ አለፈ። ከዚያ መሬቱ ከእግሯ ሥር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትልቅ ሆኖ ተንቀጠቀጠ። ከአፋፉ ላይ ነጭ አቧራ በዝናቡ ውስጥ ተነሣ። ከበሮ የለም። እልልታ የለም። ምንም የለም።

ትብለጥ መሬት ተቀመጠች። ድንቄንና ስድስቱን ልጆች አሰበች፤ የተላጨ ራሳቸውን። "ገብተዋል" አለች። "ገብተው ነበር።" ከዚህ በኋላ ማልቀስም አቃታት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከማዶ ዳር አንዲት ሴት ወረደች። ነጠላዋ ጭቃ በጭቃ ነው። ድንቄ ናት። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ያ ከመጥረቢያ የሰላ ምላስ ወንዝ መቁረጥ አቃተው። ድንቄ ጎንበስ አለች። ከዳሩ ጭቃ ዘገነች። አንድ ቁራጭ በቀኝ በኩል ባለው ቋጥኝ ላይ ለጠፈች። አንድ ቁራጭ በግራ በኩል ባለው ለጠፈች። የግራውን በጣቷ ለሁለት ከፈለችው። ከዚያ ዞር ብላ እጇን አነሣች፤ ልጆቿ ከቁጥቋጦው ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ትብለጥ ተነሥታ ቆመች። ስድስተኛው ውስጥ እግሩን እሾህ ወግቶት እያነከሰ መጣ። ያን ጊዜ ትብለጥ አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባ ዘወንጌል ጭቃውን በጠበል አርሰው በገዛ እጃቸው ለጥፈዋል። በማግስቱ የደቡቡ ደህና፣ የሰሜኑ ለሁለት። ሰይጣን ነው ብለው እንደገና ለጠፉ፤ በበዓሉ ጠዋት የደቡቡ ደህና፣ የሰሜኑ ለሁለት። ደጀ ሰላሙ ላይ ከታቦቱ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። "ማንም አይገባም!" አሉ። ሹሙ ተቆጣ። በኪሞስም "ባላው የተነሣው ትናንት ነው፤ ቆሟል እኮ! እኔ ራሴ ሥሩ ቆሜ አሳያችኋለሁ" ብሎ ሮጠ። አባ በሽምግልና ጉልበታቸው ቀሚሱን ጨምድደው ያዙት። "የማን ሟርት ነው?" ሲል ሹሙ ጠየቀ። "ትብለጥ ወንዝ ማዶ ናት" አሉ አባ፤ "ለጣፊው እኔ ነኝ። የሰበረው የማን ዐይን ነው? የእኔ ነው?" ይህን ብለው ሳይጨርሱ ቅስቱ ወረደ። ጣሪያው ተከትሎት ወረደ። የበኪሞስ ቀሚስ ገና በአባ እጅ ውስጥ ነበር፤ እሱም ተረፈ።

በመስከረም ወንዙ ጎደለ። ሹሙ በበቅሎ፣ በኪሞስ በእግሩ፣ ድንቄ አዲስ እንስራ ተሸክማ ተሻገሩ። የገዛችው አይደለም፤ ከሰበረቻቸው ውስጥ የአንዱን ቅርጽ አስታውሳ ራሷ የሠራችው ነው። ጠማማ ነበር።

"ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሳቂብኝ" አለች።

"ውኃ ይይዛል?" አለች ትብለጥ።

"ኧረ የት አባቱ!"

ሳቁ። ከዚያ ሹሙ ይቅርታ ጠየቀ፤ "ወደ ቤትሽ ተመለሽ" አላት። ትብለጥ ራሷን ነቀነቀች።

"ከተመለስሁ፣ ነገ ቅስቱ ሲሰነጠቅ ዳግም የእኔን ዐይን ታያላችሁ እንጂ ግንቡን አታዩም። እኔ እዚሁ ልሁን። እናንተ ግንቡን እዩ።"

በኪሞስ በሰሜን በኩል ዋልካውን ጠርጎ ዘጠኝ ክንድ ቆፈረ፤ ዓለቱን አገኘ፤ ትከሻውን ከዚያ አስነሣ። ጭቃውን ትብለጥ ማዶ ሆና ረገጠች፤ ሰዎች እየተሻገሩ ተሸከሙ። ሁለተኛው ቅስት ቆመ። ዛሬ የምትገቡበት እሱ ነው። ታቦቱ በገባ ዕለት አባ ዘወንጌል እጇን ይዘው አስገቧት። ፊቷ አልተሸፈነም። በሰሜኑ ትከሻ ፊት ቆመች፣ በጣቷ አንኳኳች፣ አዳመጠች።

"ምን አለሽ?" አሉ አባ።

"አሁንማ ዝም ብሏል። ድንጋይ ግን ሁልጊዜ መውደቅ ይፈልጋል። ጠብቁት" አለች። ወጣች። ወንዟን ተሻገረች። እስክትሞትም ማዶ ኖረች።

በዚህ ምክንያት ነው በየዓመቱ ጳጉሜን ሦስት ሴቶቻችን ከማዶ፣ ጎጆዋ ከነበረበት፣ አፈር የሚያመጡት። ገል ፈጭተው፣ በጠበል ለውሰው አንዱን በደቡቡ ትከሻ፣ አንዱን በሰሜኑ ይለጥፋሉ። የትብለጥ ጭቃ ይባላል። በዓመቱ ሁለቱም ደህና ከሆኑ እልል ይባላል፤ ከዚያ በፊት ማንም እልል አይልም። በእኛም አገር ክፉ ወሬ ያመጣውን ሰው ሊደበድብ የተነሣ ካለ ሽማግሌዎች "ቆይ፣ መጀመሪያ ትብለጥን ወንዝ አሻግርና እይ" ይሉታል። እሱም ይቀመጣል።

ዘንድሮም ተለጥፏል። የደቡቡ ደህና ነው። የሰሜኑም ደህና ነው፤ እስካሁን።